የባሌው ሼህ ሁሴን፦ በእግረኛ የተጠበቀ የሕይወት ታሪክ

አዘጋጅ ኮሚቴው ለዘንድሮው መጽሔት ከእያንዳንዳችን የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ ጠይቋል። ብዙዎቻችሁ ስለ መምህሮቻችንና ስለ መጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች እንደምትጽፉ ስለማውቅ ያንን ለእናንተ ትቼ፣ እኔ ከምኖርበትና ከምሠራበት አገር አንድ ሰው ይዤ መጥቻለሁ። ሐኪም አይደሉም። ከዚህ ዓለም ከተለዩም ሰባት መቶ ዓመት አልፏቸዋል። ይሁንና እዚህ ጎባና ሮቤ ስማቸውን ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። ምጥ የጠናባት እናት ትጠራቸዋለች፤ ልጁ የታመመበት አባት ስለት ይሳልላቸዋል፤ መንገድ የሚወጣ ሹፌርም በስማቸው ይማጸናል። የባሌው ሼህ ሁሴን ናቸው።

ስለ እሳቸው እንድጽፍ ሰበብ የሆነችኝ የእህቴ ልጅ ናት። በታሪክ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ይዛ፣ ሁለተኛውንም በዚያው ልቀጥል ስትል ቤተሰብ ተሰበሰበ። ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ አካውንቲንግ ብትል ኖሮ ማንም አይሰበሰብም ነበር። ታሪክ ተምራ ምን ልትበላ ነው ተባለ፤ በመጨረሻም እንድመክራት ወደ እኔ ተላከች። ልጅቷ ግን ነገሯን አስባ ነው የመጣችው። መሥራት የፈለገችው ፈረንጆቹ ፐብሊክ ሂስትሪ የሚሉትን፣ እኛ ሕዝባዊ ታሪክ ልንለው የምንችለውን ዘርፍ ነው። ዘርፉ በዚህ ስሙ በድኅረ ምረቃ ደረጃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ፣ ሮበርት ኬሊ በተባሉ የታሪክ መምህር አነሳሽነት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የታሪክ ባለሙያ ለሌላ የታሪክ ባለሙያ ብቻ አይጻፍ፤ በሙዚየም፣ በቤተ መዛግብት፣ በቅርስ ቦታ፣ በሬዲዮም ቢሆን የታሪኩ ባለቤት ከሆነው ሕዝብ ጋር አብሮ ይሥራ የሚል ነው። በእኛ አገር ስሙ አዲስ ቢመስልም ሥራው እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል የማስተርስ ትምህርቱን እ.ኤ.አ. በ1979 ከመጀመሩም በፊት ተማሪዎቹ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ወደየትውልድ ቀያቸው እየወረዱ ከሽማግሌ አፍ ታሪክ ይለቅሙ ነበር።

እሷም ለጥናቷ ድሬ ሼህ ሁሴንን መረጠች። ጎባ እኔ ቤት አርፋ፣ ከዚያ ወደ ሮቤ፣ ከሮቤም በጊኒር በኩል ወደ ቆላው እየወረደች ስትመለስ ያመጣችውን ማታ ማታ ቡና እያፈላን አብረን እናየዋለን። ከዚህ በታች የምነግራችሁ የሼህ ሁሴን ሕይወት በዚያ መንገድ የተሰበሰበ ነው።

ሼህ ሁሴን ኢብራሂም የኖሩት በ12ኛው ወይም በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይታመናል። ተከታዮቻቸው ኑር ሁሴን ይሏቸዋል፤ ኑር በዐረብኛ ብርሃን ነው። የትውልድ ቦታቸው አናጂና ነው፤ ዛሬ በእሳቸው ስም ድሬ ሼህ ሁሴን የሚባለው፣ ከባሌ ደጋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ዋቢ ሸበሌ ሸለቆ የሚያዘቀዝቀው አገር። ትውፊቱ እንደሚለው የአባቶቻቸው ዘር ከዐረብ ምድር ተነሥቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ በሶማሌ ጠረፍ በኩል ወደ መሀል አገር የዘለቀ ነው። አባታቸው ሼህ ኢብራሂምም የሃይማኖት ሰው ነበሩ። ልጁ ከአባቱ እግር ሥር ቁርኣን ተምሮ አደገ፤ ጎልምሶም ራሱ መምህር ሆነ።

የዚያን ጊዜው ባሌ ዳር አገር አልነበረም። ከዘይላና ከሌሎች የባሕር ወደቦች የሚነሣው የሲራራ ንግድ እስከዚህ ይደርስ ነበር፤ ነጋዴው ጨውና ጨርቅ ሲያመጣ ሃይማኖትና መጽሐፍም አብሮ ይመጣል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በካይሮ የነበረው ጸሐፊ አል ኡመሪ፣ በኢትዮጵያ ካሉ ሰባት የሙስሊም ግዛቶች አንዷ ባሌ እንደሆነች፣ ዝናብ የማይለያት፣ ለምለምና ነፋሻማ አገር እንደሆነች፣ ገበያዋም በገንዘብ ሳይሆን ዕቃ በዕቃ እየተለወጠ እንደሚካሄድ ጽፏል። ልብ በሉ፤ አል ኡመሪ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። የጻፈው ከዘይላ አገር ወደ ካይሮ የሄዱትን ሼህ አብደላህን የመሰሉ ሰዎች ጠይቆ ነው። በእኛ ቋንቋ ሂስትሪ ወስዶ ማለት ነው።

ሼህ ሁሴን በዚህ አገር ላይ ያደረጉት ነገር በአጭሩ ማስተማር ነው። ትውፊቱ ጦር ያዘመቱ፣ ዙፋን የያዙ አድርጎ አይነግራቸውም። መስጊድ ሠሩ፣ ደቀ መዛሙርት ሰበሰቡ፣ የተማረውን ወደየአገሩ ላኩ፣ ለችግረኛ አበሉ ነው የሚለው። ስማቸው ከእሳቸው ጋር ከሚነሡት መካከል ሶፍ ዑመር አሉ። ከጎባ በላይ ካለው ተራራ የሚነሣው የወይብ ወንዝ ቆላ ወርዶ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ይገባና 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ ሠርቶ ይወጣል፤ ሼህ ሶፍ ዑመር ከተከታዮቻቸው ጋር በዚያ ዋሻ ተቀምጠው ይጸልዩ ነበር ይባላል። ዋሻው ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ደጋ ላይ እኛ የምንጠጣው ውኃ የሚያልፍበት ቦታ መሆኑን ሳስብ የሩቅ ዘመን ታሪክ ትንሽ ቀረብ ይልብኛል።

ከትምህርታቸው በላይ የሚወራው ግን ተዓምራታቸው ነው። ድውይ ፈወሱ፣ መካን ልጅ እንዲያገኝ አደረጉ፣ ድርቅ ሲሆን ዝናብ ለመኑ፣ ከሩቅ አገር የጠራቸውን ሰሙ። መጀመሪያ ይህን ሳነብ፣ እንደ ሐኪም፣ እጄ ወደ ቀይ እስክሪብቶ ሊሄድ ነበር። የእህቴ ልጅ ግን አንድ ነገር አሳየችኝ። የተዓምራቱን ዝርዝር እንደ በሽታ ዝርዝር አንብቢው አለች። እውነትም የዚያ አገር ሰው በየዘመኑ ምን ያስጨንቀው እንደነበር ያለው እዚያ ላይ ነው፤ የልጅ ማጣት፣ የከብት እልቂት፣ የውኃ ጥም፣ የመንገድ ሽፍታ። ተዓምሩ ተፈጸመ አልተፈጸመ የሚለውን አማኙ ይመልስ፤ ጭንቀቱ ግን መኖሩ አያጠራጥርም። ዋርድ ውስጥም በሽተኛው ያመመኝ ያለውን ቦታ መጀመሪያ እንጽፋለን እንጂ ቀድመን አንከራከረውም አይደል?

ሼህ ሁሴን ሲሞቱ እዚያው አናጂና ተቀበሩ። የብዙ ሰው የሕይወት ታሪክ እዚህ ላይ ያልቃል፤ የእሳቸው ግን ገና መጀመሩ ነው።

ከእሳቸው በኋላ ባሌ ላይ ያላለፈ የለም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን፣ አገሩ ለክርስቲያኑ መንግሥት ገባሪ ሆነ። በ1530ዎቹ የኢማም አሕመድ ጦር ገባ። በዚያው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በገዳ ሥርዓት የተደራጀው ኦሮሞ አገሩን በስፋት ያዘ፤ ቋንቋውም አፋን ኦሮሞ ሆነ። እንዲህ ያለ ማዕበል ሲያልፍ ብዙ የቅዱሳን ስም ተውጦ ይቀራል። የሼህ ሁሴን ስም ግን ከአንዱ ሕዝብ ወደ ሌላው ተሻገረ። የታሪክ ምሁራን እንደሚሉት የአርሲና የባሌ ኦሮሞ በብዛት እስልምናን የተቀበለው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ወዲህ ነው፤ ይሁንና ከዚያ በፊትም ሼህ ሁሴንን ያከብር፣ መቃብራቸውንም ይሳለም ነበር። ዛሬ ስለ እሳቸው ከሚነገረው አብዛኛው የሚነገረው በአፋን ኦሮሞ ነው። አንድ ሰው ከሞተ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ በሌላ ቋንቋ እንደገና ሲወለድ አስቡት።

ይህን ያደረገው መጽሐፍ አይደለም፤ እግር ነው። በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በአረፋ ሰሞንና በመውሊድ ወቅት፣ ሰው ከባሌ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከሶማሌም አገር ተነሥቶ ወደ ድሬ ይጓዛል። ድሮ ወራት የሚፈጅ የእግር ጉዞ ነበር፤ ዛሬም መኪና እያለ በእግሩ የሚሄድ አለ። ተጓዡን የምታውቁት ጫፉ እንደ ባላ ለሁለት በተሰነጠቀ በትሩ ነው፤ ዳንቄ ይሉታል። በየመንደሩ እያረፈ፣ እየተስተናገደ፣ ማታ ማታ ባህሮ የሚባለውን የውዳሴ ዜማ እያወጣ ይሄዳል፤ የሼሁ ሕይወት ያለው በዚያ ዜማ ውስጥ ነው። አስተናጋጁም ያዳምጣል፣ ልጆቹም ያዳምጣሉ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌላ ተጓዥ ይመጣል። ከተጓዦቹ መካከል ክርስቲያኖችም አሉ። የእኔ አያት የማርያምን ማኅበር የሚጠጡ ሴት ነበሩ፤ ግን የሼህ ሁሴን መንገደኛ በደጃቸው ሲያልፍ ሳያበሉ አይሸኙም ነበር።

ጽሑፍም አልጠፋም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሐረሩ አሚር አብዱሸኩር በቦታው ላይ ለሼህ አብዱልቃድር ጀይላኒ መታሰቢያ አሠርተዋል ይባላል፤ ዛሬ የምናያቸው በነጭ የተቀቡ ባለ ጉልላት ሕንፃዎች ያንን የሐረር መልክ ይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1894 አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ አሳሽ በዚያ አልፎ ያየውን ጻፈ፤ መጽሐፉ በ1897 ወጣ። ይህ ሰው በሙያው ሐኪም ነበር፤ ስለዚህ ድሬን በማየት ከባቻችን የመጀመሪያዋ እኔ ብሆንም ከሙያው ግን የመጀመሪያዋ አይደለሁም። በ1927 ደግሞ የሼሁን ገድል የያዘው ረቢዕ አል ቁሉብ የተባለው የዐረብኛ መጽሐፍ ካይሮ ላይ ታተመ፤ የልቦች ጸደይ እንደማለት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በለንደን ያስተምር የነበረው ትውልደ ፖላንዱ የቋንቋ ምሁር አንድርዜየቭስኪ በአፋን ኦሮሞ የሚነገሩትን የሼሁን ትረካዎችና ዜማዎች አጥንቶ አሳተመ። የጀርመኑ ምሁር ብራውከምፐር ደግሞ የቦታውን ታሪክ ከደቡብ ኢትዮጵያ እስልምና ታሪክ ጋር አያይዞ መረመረ።

እንግዲህ የማስተርስ ተማሪ እነዚህን ሁሉ ይዛ ምን ታደርጋለች? የእህቴ ልጅ ደብተር ሦስት ዓምድ አለው። አንደኛው የተነገረ፣ ሁለተኛው የተጻፈ፣ ሦስተኛው በቦታው የታየ። አንዱ ዓምድ በሌላው ላይ አይፈርድም፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ማን እንደተናገረ፣ ከማን እንደሰማው፣ የት ሆኖ እንደተናገረ ይመዘገባል። ሰውዬው ፈቅዶ መሆኑም እንዲሁ። ይህን ሳይ ጥቁር አንበሳ ሦስተኛ ዓመት ላይ ዋርድ የገባንበት ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። የመጀመሪያው ትምህርታችን መርፌ መውጋት አልነበረም። ሂስትሪ መውሰድ ነበር። ታማሚው በራሱ ቃል ይናገር፣ መሀል ገብታችሁ አታቋርጡት፣ የነገራችሁንና እናንተ የመረመራችሁትን ለየብቻ ጻፉ፣ ምርመራው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ዕድሜ ልካችንን ስንሠራው የኖርነው ሥራ ለካ በሌላ ትምህርት ክፍል የሁለተኛ ዲግሪ ዘዴ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ሽማግሌ ሳንባቸውን ታመው ተኝተው ነበር። ከልጅነታቸው ጀምረው ወደ ድሬ የተመላለሱ፣ ባህሮ በማውጣት የታወቁ ሰው ናቸው። ሻል ሲላቸው ልጆቻቸው ባሉበት አስፈቅደን፣ የእህቴ ልጅ ሦስት ምሽት ቁጭ ብላ በስልኳ ቀዳቻቸው። ኦክስጅናቸውን እያየሁ እኔ ነበርኩ ጊዜ የምይዘው፤ ሲደክማቸው እናቆማለን። በሦስተኛው ቀን ያወጡትን አንዱን ዜማ አብረዋቸው ያሉት ልጆች ሰምተውት አያውቁም ነበር። ሽማግሌው ድነው ወጡ፤ በዓመቱ ግን አገራቸው ላይ አረፉ። ቅጂው ዛሬ በልጆቻቸው እጅ አለ። ያ ዜማ ሌላ ቦታ ይኑር አይኑር የሚያረጋግጥ ሰው ገና በየመንደሩ መሄድ አለበት። ታሪክ ተምራ ምን ትበላለች ላለው ወገን መልሴ ይህ ነው፤ እሷ የምትበላውን አላውቅም፤ ያላት ሙያ ግን የሚያድነው ነገር እንዳለ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሥራው ደግሞ ያለ ጭቅጭቅ አይደለም። ካለፉት ሃምሳ ስድሳ ዓመታት ወዲህ በባሌ ሙስሊሞች መካከል ትልቅ ክርክር አለ። መቃብር መሳለምና በሼህ ስም መማጸን ከእስልምና ጋር አይሄድም የሚሉ አሉ፤ የአባቶቻችን መንገድ ነው፣ የምንለምነው አላህን ነው የሚሉም አሉ። ኖርዌያዊው ምሁር ቴርየ ኦስትቦ በዚሁ ጉዳይ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። ክርክሩ በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአባትና በልጅ መካከል ሊሆን ይችላል። የእህቴ ልጅ ሮቤ ላይ ሁለቱንም አነጋገረች። የሚሄዱት ለምን እንደሚሄዱ፣ ያቆሙት ለምን እንዳቆሙ በእኩል ጥንቃቄ ጻፈች። ያቆሙት ሰዎች የነገሯትም የሼሁ ታሪክ አካል ነው፤ ብዙዎቹ ልጅ ሆነው በአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ድሬን ያዩ ናቸውና። እሷ ዳኛ ሆና አልሄደችም፤ ሃይማኖቱም የባለቤቶቹ ነው። ግን አንዱን ወገን ብቻ ሰምታ ብትመለስ ኖሮ ይዛ የምትመጣው ግማሽ ካርድ ነው፤ በግማሽ ካርድ መድኃኒት የሚያዝ ደግሞ ምን እንደሚባል እናውቃለን።

ነገሩ አሁን የሚያስቸኩልበት ሌላም ምክንያት አለ። ድሬ ሼህ ሁሴንና የሶፍ ዑመር ዋሻ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ አሉ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ድሬም አንድ ቀን ወደዚያ ይሄድ ይሆናል። ያኔ ስለ ሼህ ሁሴን ሕይወት የሚቀርብ ሰነድ ይዘጋጃል፤ በበሩ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ ይኖራል፤ አስጎብኚ የሚሸመድደው ታሪክ ይኖራል። የማን ታሪክ ይሆን የሚጻፈው? የካይሮው መጽሐፍ? የፈረንጅ ተጓዡ? ወይስ በትር ይዞ የተጓዘው ሰው? እንደ ቀላል የምናየው ያ አንድ ገጽ ጽሑፍ ሰባት መቶ ዓመት በቃል የቆየውን ሊተካው ይችላል። ጥሩ አድርጎ የሚጽፈው ሰው ሦስቱንም ማንበብና መስማት የተማረ መሆን አለበት። ከጻፈም በኋላ ወደ ድሬ ወርዶ ለቦታው ጠባቂዎችና ለምእመናኑ አንብቦ፣ እርማታቸውን ተቀብሎ መመለስ አለበት። የእህቴ ልጅ ረቂቋን ይዛ ወርዳለች። ሁለት ቀን ሙሉ አርመዋት መለሷት፤ ፈገግ ብላ ነው የመጣችው፣ ከአማካሪዋ እርማት የነሱ ይበልጣል እያለች።

ሼህ ሁሴን በሕይወት ዘመናቸው ያስተማሩት ምን ያህል ሰው እንደሆነ የሚቆጥር የለም። ከሞቱ በኋላ ግን አንድ ነገር እያስተማሩ ኖረዋል፤ የሰው ሕይወት የሚቆየው የሚያወራለት ሰው እስከተቀበለው፣ የሚያወራውንም ሰው የሚያስተናግድ ቤት እስካለ ድረስ ነው። ቤት ላይ ያሉ አስተናጋጆች ሲያንሱ ነው የታሪክ ባለሙያ የሚያስፈልገው።

ስለዚህ ከባቻችን ልጆች መካከል ታሪክ ልማር የሚል ልጅ ያላችሁ፣ ስብሰባ ከመጥራታችሁ በፊት ደውሉልኝ። በየሆስፒታሉ ያላችሁም፣ ሽማግሌ ታማሚ ስታገኙ ራውንዱ ሲያልቅ አንድ ወንበር ሳቡና አገራቸውን ጠይቁ፤ ዜማ የሚያውቁ ከሆነ ልጆቻቸው እንዲቀዱ ንገሯቸው። ባሌን ማየት የምትፈልጉ ደግሞ ለሳነቴና ለቀይ ቀበሮ ብቻ አትምጡ። በአረፋ ሰሞን ኑ፤ ቤቴ ጎባ ነው፣ ብርድ ልብስ አለ፣ ቡናም አለ። ከዚያ በጊኒር በኩል አብረን እንወርዳለን። ጫማ አውልቆ የሚገባበት ቦታ ስለሆነ ካልሲያችሁ ቀዳዳ እንዳይኖረው ብቻ አደራ።